አዋቂዋ ከሳንቃው ጀርባ የሰማችው

ስም ክፉ ነገር ነው፤ አንዴ ከተለጠፈ ቢፍቁትም አይለቅም። ሴትዮዋ ጥንቆላዋን እርግፍ አድርጋ ከተወች፣ በሰው ሁሉ ፊት ንስሐ ገብታ ከተጠመቀች ሰባት ዓመት አለፋት፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም «አዋቂዋ» ነው የሚላት። ፊት ለፊት «እህታችን» ይሏታል፣ በተለይ እሁድ እሁድ። ዞር ስትል «አዋቂዋ አለፈች» ነው። እሷም ይህን አታጣውም፣ አልተቀየመችምም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አዋቂ ነኝ» ስትል የኖረች ሴት በሰባት ዓመት ያንን እርሱት ብትል ማን ይሰማታል?

የምትተዳደረው ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ክፍል ውስጥ አንሶላ በመጠገን ነው። አንሶላ ሁልጊዜ የሚሳሳው ከመሀሉ ነው፤ በሽተኛ የሚገላበጠው እዚያው መሀሉ ላይ ነዋ። ዳርና ዳሩ አዲስ እንደሆነ ይቀራል። እሷ ታዲያ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ትተረትረውና ዳሮቹን ወደ መሀል አምጥታ ትገጥማለች፣ የሳሳውን ወደ ዳር አውጥታ ትቀመቅመዋለች፤ አንሶላው ሌላ ሁለት ዓመት ሰው ያስተኛል። መሀል ላይ የሚመጣው ስፌት የተኛን ሰው ጀርባ እንዳይቆረቁር በአውራ ጣቷ ጥፍር እየደፈጠጠች ትሄዳለች። ይህን ማንም አላዘዛትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አይቶ አላመሰገናትም።

አለቃዋ ሥራ ሲመጣ ከእጅ ስለሚያመልጥ «ሳሙና» የሚባል ሰውዬ ነው። ክፉ አይደለም፤ ቀልዱ ግን አንድ ብቻ ነው። ጠዋት በገባ ቁጥር «እስቲ ዛሬ ስንት አንሶላ እንደሚመጣ ንገሪኝ፣ አንቺ መቼም ይገለጥልሻል» ይላታል። ሰባት ዓመት ያው ቀልድ! እሷም ፈገግ ትልለታለች። ምን ታድርግ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት ሰው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም ቀልዱን ጨርሶ ይጠፋል።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ። ጎረቤት ጨው ቢያልቅበት አራት ቤት አልፎ ይሄዳል እንጂ የሷን በር አያንኳኳም። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ያው ነው። አግዳሚው ላይ ከእሷና ከሚቀጥለው ሰው መሀል ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ሌላው ቆሞ እየዘመረ እንኳ ያ ቦታ አይሞላም። ሰዎቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም። ይጸልዩላታል፣ ይጾሙላታል፣ ስሟን በበጎ ያነሡላታል። አጠገቧ መቀመጥ ብቻ ነው ያቃታቸው።

በዓመት አንድ ቀን ግን የምስክርነት እሁድ አለች። የዚያን ቀን መጋቢው ከፊት ያስቀምጣታል፣ ይጠራታል፣ ተነሥታ ትናገራለች። «ጨለማ ይወርድብኝ ነበር። መንፈሱ የሰውን ጓዳ ያሳየኝ ነበር። እኔ አፍ ብቻ ነበርኩ፤ የሚናገረው እሱ ነበር። ጌታ ግን ፈታኝ።» ሕዝቡ ያለቅሳል። ሴቶቹ እየተጋፉ ያቅፏታል፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው እንባቸውን ያፈሱባታል። የዓመቱ እቅፍ ሁሉ በዚያች ቀን ያልቃል፤ እሷም ዓመቱን ሙሉ ያቺን ቀን ትጠብቃለች። ቂል አትበሏት። ብቻውን የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ጣጣው ምን መሰላችሁ፤ የምትናገረው ውሸት ነበር።

አባቷ የምር ያምን ነበር። ከሰፈሩ ዳር ለቆመ አሮጌ ዛፍ ይሰግዳል፣ ዶቃውን ያንሿሿል፣ መንፈሱ ሲመጣበት ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። እሷ ልጅ ሆና አጠገቡ ተንበርክካ «ዝም በይ፣ ላንቺም ይመጣል» ሲላት ዝም ብላ ትጠብቅ ነበር። ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ጠበቀች። አንድም ቀን አልመጣም። አባቷ ሲሞት ግን ደንበኞቹ በሩን ማንኳኳታቸውን አልተዉም፤ እሷም ባዶ እጇን ነበረች። ያኔ ነው አባቷ ሰው የሚቀበልበትን ክፍል በስስ ሳንቃ ለሁለት የከፈለችው። ወዲህ የእሷ ወንበር፣ ወዲያ የጠባቂዎች አግዳሚ፤ አግዳሚው ሆን ተብሎ ከሳንቃው ጋር ተጣብቋል። ሰው ጠንቋይ ቤት ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ የሚያወራውን ያህል የትም አያወራም። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ይመስል ሚስቱን፣ አማቱን፣ የጠፋበትን፣ የጠረጠረውን ይዘከዝከዋል። እሷ ከወዲህ ጆሮዋን ሰጥታ ትሰማለች። ከዚያ ታስገባቸውና በገዛ አፋቸው ያወሩትን ጠምዘዝ አድርጋ መልሳ ታጎርሳቸዋለች። «ሳልነግራት አወቀችው፣ ጉድ ነው» እያሉ ይወጣሉ። ጥንቆላዋ ይኸው ነው፤ ሌላ የላትም።

እውነቱን ለመናገር ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የሄደችው እግዚአብሔርን ፍለጋ አይደለም፤ ሰው ፍለጋ ነው። በመስኮቷ መዝሙር ትሰማለች፣ ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሲወጡ ታያለች። ሄደች። አንድ ቀን ግን መዝሙሩ መሀል ሳታስበው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልጅ ሆና ዛፉ ሥር ስትጠብቀው የቀረው ነገር ያኔ የመጣ መሰላት፤ ሳይጮህ፣ ሳያንቀጠቅጥ። ይህኛው እውነት ነበር። ወደ መጋቢው ሄዳ ሁሉንም ተናዘዘች፣ ሳንቃውንም ጭምር። መጋቢው ልበ ቀና ወጣት ነው። «እናቴ፣ ሳንቃውንም ያቆመው እሱ ነው፤ ሰይጣን የማይጠቀምበት ዕቃ የለም» አላትና ወደ ጸሎቱ አለፈ። ከምስክርነቱም ሳንቃው ቀስ በቀስ ወጣ፣ ጨለማውና መንፈሱ ገባ። እሷስ? ደስ አላት እንጂ! ምርኮኛ ነበረች መባል አታላይ ነበረች ከመባል ይሻላል። ምርኮኛን ሰው ያቅፈዋል።

ከውሸቶቿ ሁሉ ግን አንዱ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ገበያው ጥግ ዳቦ ቤት ያላት ሴት የሦስት ዓመት ወንድ ልጇ በትኩሳት ሞተባትና «ለምን?» ብላ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ይዛት ለመጣች ጎረቤቷ ስታወራ አዋቂዋ ከሳንቃው ጀርባ እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ልጁ ከመታመሙ በፊት በነበረው ከሰዓት የሴትየዋ ታናሽ እህት፣ ሹራብ ሠሪዋ፣ አዝላው ውላ ነበር። ሹራብ ሠሪዋ ልጅ አልወለደችም። ይኸው ነው፤ ክፉ ነገር የለበትም፤ የእህት ወግ ነው። ባለ ዳቦ ቤቷ ስትገባ ግን ዓይኗ ምክንያት ይለምን ነበር። ትኩሳት ለእናት ምክንያት አይሆናትም። አዋቂዋም አንድ ነገር ማለት ነበረባትና አለች፦ «እጅ ይታየኛል። የራስሽ ደም ነው። የራሱን ልጅ ይዞ የማያውቅ እጅ። መጨረሻ ያዘለችውን ጠይቂ።»

ባለ ዳቦ ቤቷ አልጠየቀችም። እቤቷ ገብታ በሯን በእህቷ ላይ ዘጋች። ሹራብ ሠሪዋ ሦስት ጊዜ መጥታ «ምን አጠፋሁ?» ብላ ከደጅ ቆመች፤ መልስ የሰጣት የለም። ከዚያ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ተከራይታ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አራት ዓረፍተ ነገር ሁለት እህትማማች ለየ።

አዋቂዋ ይህን ኃጢአቷን ለእግዚአብሔር ስንት ጊዜ እንደነገረች እሱ ያውቃል። ይቅር እንዳላትም ታምናለች። እግዚአብሔር ግን ዳቦ ቤት ድረስ ሄዶ አይነግርላትም። ባለ ዳቦ ቤቷን በየሳምንቱ እዚያው ጉባኤ ውስጥ፣ ሦስት አግዳሚ ወደፊት ታያታለች። ጀርባዋን አይታ አይታ «ዛሬ እነግራታለሁ» ትልና ምስክርነቷና እቅፉ ትዝ ሲሏት ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወዋለች።

ዘንድሮ ታዲያ አንድ ቀን ሳሙና እንደ ልማዱ ሲጠፋ የታጠፉትን አንሶላዎች ራሷ ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል ወጣች። መስኮቱ ሥር አንዲት ከሲታ በሽተኛ ተኝታለች። በጣቷ የአንሶላውን የመሀል ስፌት እየዳበሰች «ይህን የሰፋው እጅ ይባረክ። ሰው አለበት ብሎ ነው የሰፋው፣ አይቆረቁርም» አለች። አዋቂዋ ቆማ ቀረች። ሰባት ዓመት ማንም ያላየላትን ሥራ አንዲት የታመመች ሴት በጣቷ አየችላት። «እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጥኖ። በሽተኛዋ ሳቀች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት፣ ስለ ክርና ስለ መርፌ አወሩ። በሽተኛዋ የእንግዳዋን ማንነት አላወቀችም፤ ለሷ አንሶላ ሰፊ ናት፣ አበቃ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት አዋቂዋ ሾርባ ይዛ ተመለሰች።

በዚያ በሁለተኛው ቀን ነው ነገሩ የወጣው። ሹራብ እየሠራች እንደኖረች ነገረቻት፤ ጠያቂ እንደሌላት፤ አንዲት ታላቅ እህት እንዳለቻት፣ ዳቦ ቤት ያላት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላናገረቻት። «ምን እንዳጠፋሁ ቢነገረኝ እንኳ ይቅርታ እጠይቅ ነበር» አለች። ማንኪያው ከአዋቂዋ እጅ አምልጦ ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ሌላ አልጋ ላይ ያለችው ሁሉ ዞራ አየች። «ደክሞሻል እህቴ፣ አረፍ በይ» አለቻት በሽተኛዋ። እህቴ! በሳምንት አንዴ ከሚሏት «እህታችን» ይህ ሌላ ነበር።

አልነገረቻትም። ነገ ትላለች፣ ነገ ሲመጣ ሾርባዋን ይዛ ትወጣለች፣ ታጎርሳታለች፣ ይሳሳቃሉ፣ ሳትነግራት ትወርዳለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። በዚያ ሦስት ሳምንት አዋቂዋ በሕይወቷ ያልነበራት ነገር ነበራት፤ ዘግይታ ብትመጣ «ምነው ቆየሽ?» የሚላት ሰው። ጠዋት ጠዋት የሳሙናን ቀልድ እንኳ ከልቧ ትስቅለት ጀመር፤ ሰውዬው ግራ ገብቶት አንድ ቀን ቀልዱን ሳይጨርስ ሄደ።

ከዚያ ነርሷ በኮሪደሩ ያዘቻትና በለሆሳስ ነገረቻት። በሽተኛዋ ወሩን አትጨርስም፤ ዘመድ ካላት ይጠራ። የዚያኑ ቀን በሽተኛዋም አንድ ነገር ብቻ ተመኘች። እህቷን አንድ ጊዜ ማየት።

አዋቂዋ ሁለት ቀን አሰበች። ምን ያሳስባል ትሉ ይሆናል። ታላቂቱን ለማምጣት እውነቱን መናገር አለባት፤ እውነቱ ከተነገረ ታናሺቱም ትሰማለች፤ ከሰማች ደግሞ ያ «እህቴ» ያበቃል። በእጇ ያለው ያ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ለሞት የቀረበች ሴት እህቷን ስትጠብቅ፣ እሷ የራሷን ብቸኝነት ስታስታምም ዋለች። በኋላ ከሁሉም የሚቆጫት ይኸው ሁለት ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ ቤቱ ገባች። ትሪዎቹ ተደርድረዋል፣ ምድጃው ክፍሉን አግሎታል፣ ባለ ዳቦ ቤቷ እጇን እስከ ክርኗ ዱቄት ውስጥ ነክራለች። አዋቂዋ ሳትቀመጥ ተናገረችው። ሳንቃውን፣ አግዳሚውን፣ መንፈስ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ እህቷ ምንም እንዳላደረገች፣ አሁን ሆስፒታል መሆኗን። ባለ ዳቦ ቤቷ ገበታው ላይ የተጣበቀውን ሊጥ በቢላ እየፋቀች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«አንቺ ነጽተሻል» አለች በመጨረሻ። «ስትጠመቂ ከፊት ቆሜ አልቅሻለሁ። ያን ቀን የተናገርሽው ግን አንቺ አልነበርሽም፤ ያደረብሽ ነው። ራስሽ ነሽ በየዓመቱ ያሳየኝ ነበር የምትይን። አንቺን ለቀቀሽ እንጂ ያየውን አላየም አይባልም።»

አዋቂዋ በገዛ አፏ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ቆማ፣ የቋጠረችው ቋጠሮ ነው። ጠንቋይ ሳለች የተናገረችው ውሸት ንስሐ ስትገባ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ! መንፈስ ነበረ ከተባለ፣ መንፈሱም ያይ ነበር ከተባለ፣ ያየው እጅ የማን ሊሆን ነው? ደግሞስ ባለ ዳቦ ቤቷ እንዴት ትመን? ካመነች እኮ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ማን ይመልስላታል? ከተናገሩት ይጥፋ የወለዱት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እሷ የወለደችውን አስቀድማ አጥታለች፣ የቀራት ቃሉ ነው። ደንበኛ ሳይመጣ እንድትሄድላት ብቻ ለመነቻት።

የምስክርነት እሁድ ልትደርስ አራት ቀን ቀርቷታል። አዋቂዋ ከዳቦ ቤቱ በቀጥታ መጋቢው ጋ ሄዳ የሆነውን ነገረችውና፣ ዘንድሮ ስቆም ሳንቃውን ልናገር ነው አለችው። መጋቢው ግንባሩን ይዞ በእሷ ምስክርነት ስንት ሰው ወደ እምነት እንደመጣ ቆጠረላት፤ ዶቃውን ያቃጠለ አለ፣ ለዛፍ ከመስገድ የተመለሰ አለ። ያ ማታለል ነበር ከተባለ ይህም ማታለል ነው አይሉም ወይ? ለባለ ዳቦ ቤቷ እንደገና ለብቻ ይነገራት፣ እሱም አብሯት ይሄዳል፤ በአደባባይ ግን ባይሆን። «እናቴ፣ ለአንድ ሰው ብለው የስንቱን እምነት ያናውጣሉ?»

«መጋቢ» አለችው፣ «ሰይጣንንም ቢሆን ባልሠራው መክሰስ ሐሰት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። ኃጢአቴን ይመልሱልኝ፤ የኔ ካልሆነ በምን ንስሐ ልግባበት?»

መጋቢው እሺም አላላትም፣ እምቢም አላላትም።

እሁድ ደረሰች። ከፊት ተቀምጣለች፣ ስሟ ተጠራ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለእንባ አዘጋጁ። ተነሥታ ቆመች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች።

«በየዓመቱ የነገርኳችሁ ውሸት ነው» አለች። «ምንም አላየሁም። ምንም መጥቶብኝ አያውቅም። ስስ ሳንቃ ነበረኝ፣ ከጀርባው ሆኜ የምታወሩትን እሰማ ነበር። በእኔ ቃል ዘመዱን የጠረጠረ ካለ በውሸት ነው የጠረጠረው። ምርኮኛ አልነበርኩም። አታላይ ነበርኩ። ይቅር በሉኝ።»

ዘንድሮ ያለቀሰ የለም። እዚያ ከተቀመጠው ሕዝብ እኩሌታው በዘመኑ ያን አግዳሚ ተቀምጦበታል፤ ሹልክ እያለ መጥቶ፣ ሹልክ እያለ ሄዷል። በሰይጣን ተታለልኩ ማለት ወግ ነው፣ ሰይጣን ትልቅ ጠላት ነው። በአንዲት ሴትዮና በአንዲት ሳንቃ ተታለልኩ ማለት ግን ማን ይወዳል? ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ተመልሶባታል» አለች። ቃሏ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሄደ። ያኔ ተነሡ። ሴቶቹ መጡ፣ ከበቧት፣ እጃቸውን ራሷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ ጫኑና የሐሰት መንፈስ ይወጣ ዘንድ ይጸልዩ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ስትዋሽ አዋቂ ያሏት፣ ሰባት ዓመት ስትዋሽ የተፈታች ያሏት ሰዎች፣ እውነት በተናገረች ቀን ጋኔን አለባት አሉ። መጋቢው መድረኩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። በዚያ ሁሉ እጅ ሥር ሆና አዋቂዋ የተሰማት ነገር ብቸኝነት ነው፤ በባዶ ቤቷ ከሚሰማት የከፋ። አልታገለችም። ደክሟቸው እስኪለቋት ቆመችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ባለ ዳቦ ቤቷ ግን እጅ ለመጫን አልተነሣችም ነበር። የወትሮ አግዳሚዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀርታለች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የአዋቂዋ በር ተንኳኳ። ከፈተች፤ ባለ ዳቦ ቤቷ ናት። ገብታ አልተቀመጠችም። ወዲያ ወዲህ አላየችም።

«ከሳንቃው ጀርባ ከነበርሽ» አለች፣ «የዚያን ቀን ለጎረቤቴ ምን ብዬ ነበር? አንቺ ጋ ገብቼ ያልነገርኩሽን ንገሪኝ።»

አዋቂዋ ማሰብ አላስፈለጋትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትደግመው የኖረችው ነው። «ከእሷ ጀርባ ካልሆነ አልተኛ አለኝ፣ አልሽ። ሲነቃ የሹራቧን ክር በጣቱ እየጎተተ ግማሹን ፈትቶት አገኘነው፣ አልሽ። ልትቆጣው ብላ አቃታት፣ ሦስታችንም ሳቅን፣ አልሽ።»

ባለ ዳቦ ቤቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። መንፈስ ቢሆን ኖሮ እጅና ደም ነው የሚያየው፤ የተፈታ ክርና ሳቅ ምን ያደርግለታል? ይህን የሚያውቀው ተቀምጦ የሰማ ሰው ብቻ ነው። ልጇ በሕይወት ከነበረባቸው የመጨረሻ ቀናት አንዱ ነበር፤ እሷ ራሷ ሳቁን ረስታው ነበር። እህቷን ስትረሳ አብራ የረሳችው እሱን ነው።

«ሳቅን ብዬ ነበር?» አለች።

«ሳቅን ብለሽ ነበር።»

ብዙ አለቀሰች። አዋቂዋ እጇን ልትዘረጋ ብላ ተወችው፤ ያቺን ሴት ለማጽናናት መብት የላትም። በመጨረሻ ባለ ዳቦ ቤቷ ተነሥታ ፊቷን ጠረገች፣ ፎቁንና የአልጋውን ቁጥር ጠየቀች፣ ይቅርታም እርግማንም ሳትናገር ወጣች።

ሰኞ አዋቂዋ ጠዋቱን ሙሉ ከምድር ቤት አልወጣችም። የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰ አስቸገራት። ምሳ ሰዓት ሲሆን ግን ሾርባውን ይዛ ወጣች፤ ባትወጣ ፈሪ እሆናለሁ ብላ ነው፣ ደግሞም፣ እንዋሽ እንዴ፣ ልታያት ፈልጋ ነው። በሩ ላይ ቆመች። ታላቂቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ የታናሺቱን እግር እቅፏ ውስጥ አድርጋ ታሻታለች። የሁለቱም ዓይን አብጧል። ታላቂቱ አየቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ታናሺቱ ግን በጣቷ ጠራቻት።

ቀረበች። በሽተኛዋ እንደማያውቋት ሰው ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«ይህን ሁሉ ቀን ስታጎርሺኝ ማን እንደሆንኩ ታውቂ ነበር?»

«ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ።»

በሽተኛዋ ዓይኗን ከደነች። የቀራት ትንፋሽ ጥቂት ስለነበር አሰባስባ ነው የምትናገረው። «እህቴን አመጣሽልኝ፤ ይህን አልክድሽም። ይቅር ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። ግን ከእንግዲህ አትምጪ።»

«እሺ» አለች አዋቂዋ።

ሾርባውን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችው፤ ታላቂቱ ሳታያት ማንኪያውን አነሣች። አዋቂዋ ሦስቱን ፎቅ በእግሯ ወረደች፣ የልብስ ክፍሉን በር ከውስጥ ዘጋች፣ አንሶላ ክምሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እውነቱን በመናገሯ ተጸጽታ አይደለም፤ ዛሬም ይደገም ቢሏት ትደግመዋለች፣ ያውም ሁለት ቀን ሳታባክን። ያለቀሰችው ይቅር ከተባለ በኋላም ሰው ብቻውን እንደሚቀር እስከዚያ ቀን ስላላወቀች ነው። የምሳ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ፊቷን በውሃ አብሳ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ነገ በምሳ ሰዓት የት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም።